ባዕዱ ድራይቭ

ልንገራችሁ፤ አረፍ ብላችሁ አድምጡኝ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ ጥቁር ሣጥን ነው። በሻንጣ ከአሜሪካ መጥቶ አዲስ አበባ፣ ቤቴል ሰፈር ገባ፤ ሰፈሩን አጫወተ፤ ሌንሱ ሞተና ከአልጋ ሥር ተወረወረ። በኋላ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ሃርድ ዲስክ ሆዱ ውስጥ ተገጥሞለት ዳግም ተነሣ። ሣጥኑ ፕሌይስቴሽን 2 ነው። መሃል ላይ አንድ የቶኪዮ መሐንዲስና አንድ የኪዮቶ ነጋዴ ይገቡብኛል። ታገሡኝ፤ ያለ እነሱ ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ዘመኑ የሚሌኒየማችን ዋዜማ ነው። ያኔ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፍሮ ቤቴል የወረደ ሰው ወደ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ገባ ሲል የሚሰማውን ታስታውሳላችሁ። ከአንዱ ቤት የፑል ኳስ ሲጋጭ፣ ከሌላው የጆተኒ ብረት ሲሽከረከር፣ ከሦስተኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚለፈልፍ የኳስ ተንታኝ፣ ከእሱም በላይ የሚጮሁ ልጆች። ይህ ሦስተኛው ጌም ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ የሮናልዲንሆ ፖስተር፣ በሩ ላይ ፀሐዩን የሚከልል መጋረጃ። ሂሳቡ በጌም ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ተቀምጦ ቀጣዩን ይጠብቃል። ገንዘብ የሌለው ቆሞ ያያል። ቆሞ ማየት በነጻ ነበርና ብዙዎቻችን ጨዋታውን የተማርነው ቆመን ነው።

የእኛ ሰፈር ጌም ቤት የአንዲት እናት ነበር። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። አጥሩን ተጠግታ የተሠራች ሰርቪስ ክፍል ነበረቻቸው፤ በመንገድ በኩል በር አስከፈቱላት። አሜሪካ ያለው የእህታቸው ልጅ አዲስ ማሽን ሲገዛ አሮጌውን ላከላቸው። ይህ እንግዲህ የኛ ሣጥን ነው፤ ወፍራሙ፣ የመጀመሪያው ዓይነት። የተገለበጠ ዲስክ እንዲያነብ ቺፕ አስገጥሞበታል። ከሣጥኑ በፊት ግን የልጁ ስልክ ደረሰ። «አክስትዬ፣ በቀጥታ እንዳይሰኩት! የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእናንተ 220። ትራንስፎርመር ካልተገዛለት በአንዴ ይቃጠላል።» እሳቸውም ትራንስፎርመሩ ከመርካቶ እስኪመጣ ሣጥኑን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው አስቀመጡት። የተሰካ ዕለት ደግሞ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። የአሜሪካ ማሽን ቀለሙን የሚልክበት መንገድ የእኛ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ከሚያውቁት ይለያል። ሁለቱንም የሚቀበል ቴሌቪዥን እስኪገኝ ብራዚል በግራጫ ማልያ ተጫወተች፤ እኛም ደስ ብሎን አየናት።

ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ 160 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። ሰሪዎቹ ያሰቡት ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ማታ ማታ እንዲጫወትበት ነበር። ቤቴል ላይ ከጠዋት እስከ ምሽት ይሠራል፤ በሩ ለመንገዱ ክፍት ነው፤ በጋ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው መጋረጃውን አልፎ ይገባል። ሣጥኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ነው፦ ማራገቢያው፣ ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ትሪ፣ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው ሐዲድ። የቀረው ሁሉ ቦርድ ላይ ተበይዶ የተቀመጠ ነው። ለዓመታት የሚኖረው ይህ የተቀመጠው ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ይደክማል።

ድካሙም በአንድ ጊዜ አይመጣም። ማሽኑ መጀመሪያ አንዳንድ ዲስክ መምረጥ ጀመረ። የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ጀርባው ብርማ ከሆነ ዲቪዲ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ሲዲ ነው። ሌንሱ ሥር ለሁለቱ የሚሆኑ ሁለት ጨረሮች አሉ። ለዲቪዲው 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ጨረር፣ ለሲዲው ደግሞ 780 ናኖሜትር የሆነ፣ በዓይናችን የማይታይ። አንደኛው ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ «ብርማውን ያነባል፣ ሰማያዊውን እምቢ ይላል» የሚባለው ነገር ምትሃት አይደለም። ቀጥሎ ያነብ የነበረውንም ማስለመን ጀመረ። ዲስኩ ይወጣል፣ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረጋል፣ ይገባል። ሣጥኑ በጎኑ ይቆማል፣ ይገለበጣል፣ ከላይ መጽሐፍ ይጫንበታል። በመጨረሻ ያ ጥቁር ማያ መጣ፤ «ዲስክ ሪድ ኤረር»። ግማሽ ጌም የተጫወተ ልጅ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ እትዬ ይመልሳሉ፣ ወረፋ የያዘው ተበትኖ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል።

እዚህ ላይ ባለሙያው ይገባል። ቴፕና ዴክ እየጠገነ የኖረ ሰው ነው፤ እኛ ልጆቹ ጋሼ እንለዋለን። ወደ ወይራ ሰፈር በኩል አንዲት ጠባብ ቤት ነበረችው። ጠረጴዛው ላይ ቴስተር፣ መበየጃ፣ በመጠን የተደረደሩ ካቻቢቴዎች፣ ብሎን የተሞላ የቡና ሲኒ። ሣጥኑን ገልብጦ ከሥር ያሉትን የፕላስቲክ ክዳኖች አንድ በአንድ አነሣ፤ ብሎኖቹ ከእነሱ ሥር ተደብቀዋል። ክዳኑን ሲያነሣ ከውስጥ የወጣው አቧራ እንደ ግራጫ ጥጥ የተድበለበለ ነበር። የድራይቩን ብረት ክዳን ፈታ፤ ሌንሱ ታየ፤ ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ብልጭልጭ ነገር።

በመጀመሪያ አጸዳት። ትንሽ ሠራች፤ ቆመች። ከዚያ ጎኗ ላይ ያለችውን ማስተካከያ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረጋት። ይህች ማስተካከያ ወደ ጨረሩ የሚሄደውን ኃይል የምትወስን ናት፤ በጥቂቱ ስትዞር የደከመ ጨረር ይበረታል። ዲስኩ ተነበበ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ግን ፊቱ አልፈታም። «እትዬ፣ ይህ የማስታገሻ ኪኒን ነው» አላቸው። «ኃይል ጨምሬበታለሁ። ኃይል የበዛበት ጨረር ቶሎ ይሞታል። ሌንስ ይፈልጉለት።» እሳቸውም «ልጄ፣ አንተ ካልክ ይፈለጋል፤ እስከዚያ ግን ሥራዬን እንዳታስቆመኝ» አሉት። እንዳለውም ሆነ። ሌንሱ ብዙ ሳይቆይ ጨርሶ ጠፋ።

አዲሱ ሌንስ ከመርካቶ መጣ። የሶኒ ስም አልነበረበትም፤ ሌላ ሰው ቀድቶ የሠራው ነው። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ይህን ነገር የማያውቅ ሰው ብዙ ገንዘብ ይከስራል። አዲስ ሌንስ ከፋብሪካው ሲወጣ በመንገድ ላይ በእጅ ስታቲክ እንዳይሞት ተብሎ ሁለት ነጥቦችን የምታገናኝ አንዲት የብየዳ ጠብታ ይደረግበታል። ጠብታዋ እስካለች ድረስ ጨረሩ አይበራም። ገጥሞ፣ ዘግቶ፣ ሰክቶ ሲያየው የማያነብለት ሰው «የሞተ ሸጡልኝ» ብሎ ይጣላል። ጋሼ ግን መጀመሪያ ስስ ሪባኑን ከቦርዱ ላይ ሰካ፣ ከዚያ መበየጃውን አግሎ ጠብታዋን ለአንድ አፍታ ነካትና አነሣት። በእኛ ዓይን ምንም አልተለወጠም። ከሐዲዱ ሥር ደግሞ የሌንሱን ዘንበል የምታስተካክል ነጭ ጥርስ አለች። እሷን ከመንካቱ በፊት ቆማ የነበረችበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። «ይህቺ አንድ ጥርስ ከተሳሳተች ወር ሙሉ ትፈልጋታለህ» አለኝ። ሣጥኑ ያን ክረምት ሠራ። በጋው ሲመጣ አቧራው ተመለሰ፣ የተቀዳውም ሌንስ እንደ መጀመሪያው ሄደ። ሌላ ተገዛ። እሱ ደግሞ ባሰ።

እትዬ ሣጥኑን በፌስታል ጠቅልለው ከአልጋ ሥር ከተቱት። እዚያ ይቆይልን፤ እኛ ወደ ጃፓን እንሂድ።

ሶኒ ውስጥ ኬን ኩታራጊ የሚባል መሐንዲስ ነበረ። ሶኒ በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥንና ዎክማን እንጂ የጌም ማሽን አይሠራም፤ የሥራው ባለቤት ኪዮቶ ያለው ኒንቴንዶ ነው። ኩታራጊ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የኒንቴንዶን ሱፐር ፋሚኮም የድምፅ ቺፕ የሠራ ሰው ነው። የኒንቴንዶ ጨዋታዎች የሚመጡት በካርትሪጅ ነበር፤ ካርትሪጅ ውድ ነው፣ የሚይዘውም ትንሽ። ሲዲ ግን ርካሽ ነው፣ የሚይዘውም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት። ስለዚህ ሁለቱ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1988 ተዋዋሉ፦ ሶኒ ለኒንቴንዶ ማሽን የሲዲ ድራይቭ ሊሠራ። ነገሩን በደንብ አስተውሉት። ሶኒ የሰው ማሽን ላይ የራሱን ድራይቭ ሊገጥም የመጣ ባዕድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 ቺካጎ ላይ ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ተከፈተ። ሶኒ ካርትሪጅም ሲዲም የሚያጫውት ማሽኑን «ፕሌይ ስቴሽን» ብሎ አስተዋወቀ። በማግስቱ ኒንቴንዶ እዚያው ትርዒት ላይ ወጥቶ የሲዲ ሥራውን የሚሠራው ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር እንደሆነ ተናገረ። የኒንቴንዶው አለቃ ሂሮሺ ያማኡቺ ውሉን መርምሮ አይቶታል፤ በሲዲው በኩል የሚወጡትን ጨዋታዎች የሚቆጣጠረው ሶኒ እንደሚሆን ገብቶታል። በሰው ፊት እንዲህ መዋረድ ለሶኒ ከባድ ነበር። ብዙዎቹ የድርጅቱ ሰዎች ከጌሙ ነገር እንውጣ ሲሉ ኩታራጊ እምቢ አለ፤ የሶኒው ፕሬዚዳንት ኖሪዮ ኦጋም ቁጣውን ተካፈለውና ሥራውን እንዲቀጥል ፈቀደለት። ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ካርትሪጅ የሌለው፣ ሲዲ ብቻ የሚያጫውት ፕሌይስቴሽን ተሸጠ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ታናሽ ወንድሙን ወለደ፤ ታናሹም ቤቴል ደረሰ።

ከዚያ ከመጀመሪያው፣ ሁለቱ ድርጅቶች በጋራ ሊሠሩት ከነበረው ማሽን ለሙከራ ከተሠሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተገኘ። የኒንቴንዶ ካርትሪጅ ቀዳዳና የሶኒ ስም አንድ ሣጥን ላይ፤ ፕላስቲኩ በዕድሜ ቢጫ ሆኗል። ካርትሪጁ ይሠራል፣ ሲዲ ድራይቩ ግን አይሠራም። ቤንጃሚን ሄከንዶርን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ከፍቶ ሲታገለው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ድራይቩን አስነሣው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በጨረታ 360,000 ዶላር ተሸጠ። ዜናውን ለጋሼ ነገርኩት። ገንዘቡን ትቶ የጠየቀኝ ስለ ድራይቩ ነው፦ «ምኑ ነበር የሞተው?»

በሰው ማሽን ላይ ድራይቭ መግጠም ሶኒ ብቻ የተመኘው ነገር አልነበረም። ኒንቴንዶ 64 የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ አሁንም ካርትሪጅ ብቻ ነበር። የሆንግ ኮንጉ ባንግ ኢንተርፕራይዝስ በዚያው ዓመት «ዶክተር ቪ64» የሚባል ሣጥን ሠራ። ከማሽኑ ሥር ይገባል፣ ከሥር ባለው ማገናኛ ይሰካል፣ ሲዲ ድራይቭ አለው፣ ጨዋታውን ከሲዲ ወደ ራሱ ሚሞሪ ጭኖ ለማሽኑ እንደ ካርትሪጅ ያቀርብለታል። ኒንቴንዶ ከሰሰ፤ ሥራው ለኮፒ በር የሚከፍት ነበርና። ግን ጨዋታ የሚሠሩ ትንንሽ ቡድኖች የኒንቴንዶን ውድ መሥሪያ መግዛት ሲያቅታቸው ሥራቸውን የሞከሩት በዚሁ ሣጥን ነው። ኒንቴንዶ ለዚህ ማሽን የራሱን ዲስክ ድራይቭ ያወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ነው። ዘግይቶ፣ ጃፓን ውስጥ ብቻ፤ ሳይነሣ ወደቀ።

በሴጋ ሳተርን የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ሳተርን የፕሌይስቴሽን እኩያ ነው፤ ድራይቮቹ እያረጁ ሲሞቱ አዲስ የሚሠራላቸው የለም። ጄምስ ሌርድ ዋ የተባለ አውስትራሊያዊ መሐንዲስ የድራይቩን ሥርዓት ለዓመታት ሲፈታ ኖሮ፣ ከማሽኑ ጀርባ የቪዲዮ ካርድ ማስገቢያ በነበረችው ቀዳዳ የሚገባ መሣሪያ ሠራ። ማሽኑ አይከፈትም፣ ብሎን አይነካም፤ ጨዋታው ከኤስዲ ካርድ ይነበባል። ለድሪምካስትም፣ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽንም ተመሳሳይ ነገሮች በግለሰቦች እጅ ተሠርተዋል። እነዚህ ግን በካርድ ተከፍሎባቸው በፖስታ የሚመጡ ናቸው። ዶላር ለሌለው የቤቴል ልጅ መንገዱ ሌላ ነበር።

አሁን ከአልጋ ሥር ያለውን ሣጥን እናውጣ።

ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ከጀርባው አንድ ክዳን አለው። ብዙ ሰው ማሽኑን ለዓመታት ሲጠቀምበት ያንን ክዳን አይነቅለውም። ከክዳኑ ጀርባ ባዶ ክፍል አለ፤ ሃርድ ዲስክ የሚያክል። ሶኒ ራሱ ነው የሠራው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በመጋቢት 2004 የራሱን 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ሸጦለታል። ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ኔትወርክ አዳፕተር የሚባል ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሶኒ በዚያ በር ብዙም ሳይሠራበት በዚያው 2004 ቀጭኑን ሞዴል አወጣና ክፍሉን አስቀረው። ሠርቶ የተወው በር ግን ወፍራሞቹ ላይ ቀርቷል፤ የእትዬ ሣጥን ወፍራም ነው።

ይህን የነገረን ከአዲሱ የኮምፒዩተር ትውልድ የሆነ የሰፈራችን ልጅ ነው። ጋሼ ጋ ሄዶ «ጋሼ፣ ሌንስ እኮ አያስፈልገውም» አለው። ጋሼ ዝም ብሎ ሰማው። ሽማግሌ ባለሙያ የልጅ ወሬ ሲሰማ ንቆ ያልፋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወረቀት አውጥቶ «ቀስ ብለህ ንገረኝ» አለ። ይህን ባሕርዩን እስከ ዛሬ አከብርለታለሁ።

አዳፕተሩ እትዬ ደውለው ከአሜሪካ በመንገደኛ መጣ። ሃርድ ዲስኩ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተወግዶ በጨረታ ከተሸጠ ኮምፒዩተር የወጣ 80 ጊጋባይት ነው፤ አርባ ፒን ያለው፣ ሰፊ ማገናኛ ያለው፣ የድሮው ዓይነት። የቀረው ከሶፍትዌሩ በኩል ነው። ማሽኑ ሲበራ ከዲስክ ሌላ ማንንም አያምንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ፍሪ ማክ ቡት የሚባል ፕሮግራም ወጥቷል፤ 8 ሜጋባይቷ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑም ሲበራ ከእሷ ይነሣል። በዓመቱ ደግሞ ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር ተከተለ። ችግሩ ካርዷን ለማዘጋጀት አስቀድሞ የተከፈተ ሌላ ማሽን ማስፈለጉ ነበር። እንግዲህ እርሾ ከጎረቤት እንደሚበደር ሁሉ፣ ካርዷ ተከፍቶ ከነበረ የሌላ ሰፈር ማሽን ላይ ተዘጋጅታ መጣች። የእኛም ማሽን በተራው ለስንቱ እንዳበደረ አልቆጠርኩም።

የሎደሩን ሥራ ጋሼ ለእትዬ ያስረዳቸው እንዲህ ነው፦ «ጨዋታው 'ከዲስኩ ይህን ክፍል አምጣልኝ' ብሎ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ መሃል ቆሞ ጥያቄውን ይቀበልና ከሃርድ ዲስኩ አምጥቶ ይሰጠዋል። ጨዋታው ከየት እንደመጣለት አያውቅም።» እትዬም ትንሽ አስበው «ተታለለ ማለት ነው?» አሉ። «አገልጋይ ተቀየረለት ይበሉ» አላቸው።

የገጠመበትን ቀን አልረሳውም። ሃርድ ዲስኩ ጀርባ ላይ ጃምፐር የሚባል ጥፍር የማታክል ፕላስቲክ አለች፤ እሷን በፒንሳ ነቅሎ «ማስተር» ከሚለው ላይ ሰካት። ዲስኩን ከአዳፕተሩ ጋር አጣበቀ፣ አዳፕተሩን ወደ ባዶው ክፍል ገፋ፣ ሁለቱን ረጃጅም ብሎኖች አጠበቀ። ከውጭ ሲታይ ሣጥኑ ያው ሣጥን ነው። ካርዷ ገባች፣ ማብሪያው ተነካ። ከውስጥ ሃርድ ዲስኩ ሲሽከረከር ተሰማ፤ ያ ፕሌይስቴሽን እንዲህ ያለ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ማያው ላይ የጨዋታዎቹ ስም ተደርድሮ ወጣ። ወይኒንግ ኢለቨን ተመረጠ። ተነሣ። ድሮ ሌንሱ እየተንተባተበ ያመጣው የነበረ ግጥሚያ ሳንጠብቅ ተከፈተ።

ጋሼ የሰጠን ማስጠንቀቂያ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ አዲስ ጨዋታ ለመጫን ሃርድ ዲስኩን ኮምፒዩተር ላይ ስትሰኩ ዊንዶውስ የፕሌይስቴሽኑን አደራደር ስለማያውቅ «ዲስኩን ላዘጋጀው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ያለ ሰው የተጫነውን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው መብራት ነው። ሃርድ ዲስክ ሲሽከረከር መብራት ከፍ ዝቅ ማለቱን አይወድምና ስታቢላይዘር ተገዛለት።

ቀጭኑን ሞዴል የገዙ ጌም ቤቶች ይህ አልደረሳቸውም። እነሱ በፍላሽ ሞከሩ። የፕሌይስቴሽን 2 ዩኤስቢ ግን የመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ በሰከንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚያሳልፈው፣ የራሱ ዲቪዲ ድራይቭ ግን ከ5 ሜጋባይት በላይ ያነባል። ስለዚህ ኳሱ ይጫወታል፣ የመግቢያው ፊልም ግን ይቆራረጣል። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ጨዋታ ደግሞ ተከፋፍሎ ካልገባ አይቀበልም ነበር። ያም ሆኖ ሌንስ ከመግዛት ይሻላል ያሉ ብዙ ነበሩ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተጫኑት ጨዋታዎች አብዛኞቹ የተገለበጡ ነበሩ። ኦሪጅናሉን ቤቴል ላይ የሚሸጥልን አልነበረም፤ ቢኖርም ዋጋው ከእትዬ የወር ገቢ ጋር አይገናኝም። ይህ ግን ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ድካማቸው ሳይከፈላቸው መቅረቱን አይሽረውም። የድራይቩ ጉዳይ ሌላ ነው። የገዛሁት ማሽን ድራይቩ ሲሞት ሌላ ልግጠምበት ማለት ስርቆት አይደለም። ሶኒ ራሱ ወደ ጌሙ ዓለም የገባው በሰው ማሽን ላይ ድራይቭ ልግጠም ብሎ ነው፤ ያንን መብት ለእትዬ የሚነፍጋቸው ምክንያት እስከ ዛሬ አልታየኝም።

ሣጥኑ እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። ከዚያ ጌም ቤቶቹ ወደ ፕሌይስቴሽን 3፣ ወደ 4 ተሻገሩ፤ እትዬም ክፍሏን ለልብስ ሰፊ አከራዩ። ሣጥኑን ለጋሼ ሰጡት፤ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አለ። የድሮ ልጆች፣ አሁን ልጆች ያሏቸው፣ ሲመጡ ይበራላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ሶኒ አዲስ የፕሌይስቴሽን 5 ሞዴል አወጣ። ድራይቩ ይነቀላል። ማሽኑን ያለ ድራይቭ ገዝታችሁ ድራይቩን በኋላ ለብቻው መግዛት ትችላላችሁ፤ የጎኑ ክዳን ይነሣል፣ ድራይቩ ይገፋል፣ ቀጭ ይላል። ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ነገር ግን ድራይቩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም በኢንተርኔት ከማሽኑ ጋር መጣመር አለበት፤ ሳይጣመር ዲስክ አያነብም። ፈቃዱን የሚሰጠው ሩቅ አገር ያለ የሶኒ ኮምፒዩተር ነው። ያ ኮምፒዩተር የዛሬ ሃያ ዓመት ይኖር ይሆን? ካልኖረ ድራይቩ የሞተበት ሰው ሌላ ድራይቭ በእጁ ይዞ ምን ያደርጋል? ይህ ነገር በእውነት ያሳስበኛል።

በቅርቡ ጋሼ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ መጣ። ወንድሙ ከዱባይ ያመጣለት፣ ድራይቭ የሌለው ነው። «ጋሼ፣ ድራይቩን ለብቻ አግኝቻለሁ። ይገጥሙልኛል?»

ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ክዳኑን አነሣ፣ ውስጡን አየ፣ ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰ። «መግጠሙን አንተም ትገጥመዋለህ» አለው። «ቤትህ ኢንተርኔት አለ?»

«በስልኬ ዳታ አለ።»

«በል እሱን ክፈት፤ እዚሁ እናጣምረው። ድራይቩን አምጣው።»